ልጄን ማንበብ ላስተማረችው ሚስ ምስጋና፣ ጎሮ፣ ሰሚትና ፊጋ ላላችሁ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶች። እኔ የሜትር ታክሲ ነው የምነዳው፣ ጽሁፍ ብዙም አይሆንልኝም። ግን ይህቺን ሴት ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፍ ስላለችኝ ሚስ እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጄም የሚጠራት እንደዚያ ነው።

ልጁ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ ዩኬጂ ነው። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። መስከረም ላይ ከሀ እስከ ፐ ሳይተነፍስ ይወርደው ነበር። እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ሀሁ በል" እንለዋለን፣ እሱም ቆሞ ይለቀዋል፣ ይጨበጨብለታል። 33ቱን በ7 ስታባዙት እኮ 231 ነው፣ ያውም ዲቃሎቹን ፊደሎች፣ እነ ሏንና እነ ሟን፣ ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ በቃሉ ከያዘማ አንባቢ ነው ብለን ተኝተናል።

አንድ ማታ ደብተሩ ላይ "ሙ"ን አሳየሁትና "ይህቺ ማን ናት?" አልኩት። ዝም። ትንሽ ቆይቶ ከሀ ጀምሮ እያዜመ መጣ፣ መ ቤት ሲደርስ ቀስ አለ፣ ከዚያ "ሙ!" አለኝ። "ላም" ብዬ ስጽፍለት ደግሞ ጭራሽ አላወቃትም። ለካ ልጄ የያዘው ዜማውን ነው። ፊደሉን አይቶት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ባልናገር ይሻላል። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ አዳር ስትሆን የቤት ሥራው እኔ ላይ ይወድቃል። አንዱን ፊደል ገጽ ሙሉ ገልብጦ መጻፍ፣ ከሱ ቀጥሎ እንግሊዝኛው። ልጁ ያለቅሳል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እርሳሱ ይሰበራል። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ስለዚሁ ነገር ከባለቤቴ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ፣ ኋላ የተቀመጠች ደንበኛ ስልኩን እስክዘጋ ጠብቃ "ወንድሜ፣ የኔን ልጅ ያስተማረች አንድ ሴት አለች" አለችኝ። ሚስን ያገኘኋት እንዲህ ነው።

ለዓመታት መዋዕለ ሕፃናት ያስተማረች ናት፣ አሁን ቤት ለቤት ታስጠናለች። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ ደብተር አልከፈተችም። እውነቱን ለመናገር ብሬን የበላችብኝ መሰለኝ። ከልጁ ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ "አፍህ ገጥሞ ብ ብሎ የሚጀምር ነገር ከቤት ውስጥ ፈልግልኝ" አለችው። ብርጭቆ አመጣ፣ በር አሳያት፣ ብርድ ልብሱን እየጎተተ መጣ። ማንኪያም አመጣላት። እሱን ተቀብላ በጭብጨባ አስቆረጠችው፣ ማን፣ ኪ፣ ያ። ሦስት ጭብጨባ። ስትጻፍ ግን አራት ፊደል ናት። "ያቺን የተደበቀችውን በኋላ እናገኛታለን" አለችው።

የተደበቀችው ሳድሷ፣ በተራው ስድስተኛዋ፣ "ን" ናት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አስቤው የማላውቅ ነገር። "ልብ" በሉ እስቲ፣ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ ግን "ል" ትንሽ አናባቢ አላት፣ "ብ" ላይ አፋችን ይዘጋል፣ አለቀ። ሚስ ለልጁ የነገረችው "ሳድስ ሲያሻው ይናገራል፣ ሲያሻው ዝም ይላል" ብላ ነው፣ እሱም እንደ ተረት ያዘው። ብዙ ልጅ ቃል ላይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው ትላለች። ፊደሎቹን ነጥሎ ያውቃቸዋል፣ ሲያገጣጥም ግን ሳድሱን ሁሉ እየጎተተ ይጠራና ቃሉ ይጠፋበታል።

ሌላው የገረመኝ ከሀ አለመጀመሯ ነው። ከራብዕ፣ ከአራተኞቹ ከእነ ላ፣ ማ ጀመረች። ምክንያቷን ስትነግረኝ ሳቅሁ፣ ግን ልክ ናት። በራብዕ ብቻ የሚጻፍ ስንት ቃል እንዳለ ታውቃላችሁ? ጫማ፣ ሻማ፣ ማማ፣ ጋራ፣ ማሳ፣ ካባ፣ ጣና። አምስት ስድስት ፊደል የያዘ ልጅ በሳምንቱ ቃል ያነባል ማለት ነው። የኔው ልጅ "ጫማ" ያነበበ ቀን የቤቱን ጫማ በሙሉ ሳሎን ደርድሮ ጠበቀኝ። ከዚያ "ም" ስትጨመር ላም መጣች፣ ያቺ መከረኛ ላም።

የሚመሳሰሉትን በአንድ ሳምንት አታስተምርም። በ፣ ለ እና ሰን ለያይታ ነው ያመጣቻቸው። ለሆሄዎቹም ስም አወጡላቸው፣ እሷና እሱ። ካዕብ እጁን የዘረጋ፣ ሣልስ ጫማ ያደረገ፣ ኃምስ ኳስ የረገጠ። ቡ፣ ቢ፣ ቤን ተመልከቱና ፍረዱ። ረ እና ፈ ግን አመለኞች ናቸው፣ እነሱን ብቻቸውን ነው የያዘቻቸው።

አባቴ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ለጥምቀት ከአገር ቤት መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጧት ቆዩ። ሚስ ፊደሎቹን በካርቶን ቆራርጣ፣ አደባልቃ፣ እያነሳች ትጠይቀዋለች። አባቴ ፊታቸው በራ። "ይኼማ አቡጊዳ ነው!" አሉ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ተራው ሲዛባበት ፊደሉን ራሱን እያየ እንዲለይ የሚያደርግ እኮ ነው። እኔ ዘመናዊ ዘዴ ነው ብዬ የከፈልኩበት፣ አባቴ በልጅነታቸው ዛፍ ሥር የተማሩት ሆኖ ቁጭ።

መጻፉን ዘግይታ ነው የጀመረችው። ለአንድ ወር ተኩል ያህል እርሳስ አላስያዘችውም። የልብስ መቆንጠጫ ያስከፍተዋል፣ ሊጥ ያስቦካዋል፣ ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳ በጣቱ ታስጽፈዋለች። መጀመሪያ የጤፍ ዱቄት ነበር ያነሳችው፣ ባለቤቴ በዚህ የጤፍ ዋጋ ብላ ልትጮህ ስትል ሚስ ራሷ ሳቀችና በሚቀጥለው ቀን የተነፋ አሸዋ በፌስታል ይዛ መጣች። ጣቱ ሳይጠነክር እርሳስ ካስያዛችሁት በቡጢው ነው የሚጨብጠው፣ ከዚያ ማስተው መከራ ነው ትላለች። አሁን በሦስት ጣት ይይዛል፣ እርሳስም መሰበሩ ቀርቷል።

እንግሊዝኛውን በሌላ ቀን ነው የምትይዘው፣ አታደባልቅም። የኛ ፊደል ስሙና ድምፁ አንድ ነው፣ "ማ" ሁልጊዜ "ማ" ናት። እንግሊዝኛ ላይ ግን ልጁ "cat" (ድመት) የሚለውን "ሲ፣ ኤ፣ ቲ" ብሎ ቆጥሮ "ሲኤቲ" ይላል፣ ድመቷ የለችም። ስለዚህ ስማቸውን ትታ ድምፃቸውን ነው ያስተማረችው፣ "ክ፣ አ፣ ት"። ትምህርት ቤቱ ለምን እንደዚያ እንደማያደርግ ጠይቄያት ዝም አለች። ሰው አታማም።

እንከን የላትም አልልም። ታክሲ ሰልፍ ሲረዝም ታረፍዳለች። የቤት ሥራ ስለማትሰጥ ደብተር ሞልቶ ማየት የምትወዱ ወላጆች አትስማሙም። እኔንም ተቆጥታኛለች፣ ልጁ ሲሳሳት ቀድሜ ስለምመልስለት። "አባቱ፣ እስቲ አስር ድረስ በሆድህ ቁጠር" አለችኝ። አስር ሳልደርስ ልጁ ራሱ አገኛት።

አሁን መጋቢት ነው። ቅዳሜ አብሮኝ መኪና ውስጥ ሲሆን የሱቅ ታፔላ ሁሉ ያነባል። ዳቦ ቤት። ጎሚስታ። አንዱ ጋ "ፀጉር ቤት"፣ ዝቅ ብሎ ሌላው ጋ "ጸጉር ቤት" አይቶ "የቱ ነው የተሳሳተው?" አለኝ። ምን ልበለው? ሚስን ጠይቃት አልኩት። ባለፈው ደግሞ "ገና አልመጣም" የሚል ጽፋለት አንዴ "ና"ን አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ አነበበና በዓሉ ነው የቀረው ወይስ ሰውዬው ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ማጥበቂያ ምልክት የሌለው ጽሁፍ እንዲህ ነው፣ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚገኘው።

ሚስ፣ ይህን ካየሽው እግዜር ይስጥሽ። ማታ ማታ ቤታችን ሰላም ሆኗል፣ ባለቤቴም ከአዳር ስትመለስ ልጁ በሩ ላይ የለጠፈላትን ወረቀት ታነባለች። "እማ ደና አደርሽ" ይላል። "ደኅና" ማለቱ ነው፣ አላረምነውም።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ዋጋዋን እሷው ትንገራችሁ፣ እንደ ቦታው ርቀት ይለያያል፣ እኔን ግን አልጎዳችኝም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ከ45 ደቂቃ በላይ አታስጠናም፣ ልጅ ይሰለቻል ትላለች። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው የምትመቸው። የቅዳሜ ጠዋቷ ግን የኛ ነው፣ እሱን አለቅም።