ከፍታ ወይስ ርቀት? ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት

ድሬ ላይ ፓምፕ ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀርብልዎት ጥያቄ «ባለ ስንት ፈረስ?» ነው። ውሃው ስንት ሜትር ሽቅብ እንደሚወጣ፣ በስንት ኢንች ቧንቧ እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሻጭ ካገኙ ደንበኛው ይሁኑ።

የፓምፑ ታርጋ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ኤች ማክስ (ውሃውን የሚያደርስበት የመጨረሻ ከፍታ) እና ኪው ማክስ (የሚሰጠው ትልቁ የውሃ መጠን)። 35 ሜትርና በደቂቃ 35 ሊትር ይላል እንበል። ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም። 35 ሊትሩ ምንም ከፍታ በሌለበት ነው፤ 35 ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠብታም አይወጣም።

እነዚህን ቁጥሮች የያዘውን ባለ ግማሽ ፈረስ ፓምፕ፣ ፔሪፈራል የሚባለውን ትንሽ ዓይነት፣ በድሬ ሁለት ሰፈሮች ሁለት ቤት እንግጠመው። ቁጥሮቹ በግምት የተሰሉ ናቸው።

ከዚራ ያለ ፎቅ፦ ሮቶው 12 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ቧንቧው 20 ሜትር፣ ባለ 3/4 ኢንች። በደቂቃ 21 ሊትር ገደማ ይወጣል። ቧንቧውን ወደ 1 ኢንች ቢያሳድጉት አንድ ሊትር ቢጨምር ነው። ከፍታ ድርድር አያውቅም፤ 12 ሜትሩ በየትኛውም ቧንቧ 12 ሜትር ነው። እዚህ ቤት ገንዘብዎን ኤች ማክሱ ከፍ ባለ ፓምፕ ላይ ያውሉት።

ሳቢያን ያለ ሰፊ ግቢ፦ ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ነው፤ ቧንቧው ግን 60 ሜትር ይሄዳል። በግማሽ ኢንች 19 ሊትር፣ በ3/4 ኢንች 26፣ በ1 ኢንች 30 ሊትር ይደርሳል። ፓምፑ ያው ነው! ለእኩል ፍሰት የቧንቧው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲታሽ የሚባክነው ግፊትም እጥፍ ይሆናል፤ የውስጥ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ግን ብክነቱ ወደ ሠላሳኛ ይወርዳል። የድሮውን ግማሽ ኢንች ሳይነኩ ባለ አንድ ፈረስ፣ ሴንትሪፉጋል የሚባለውን ሌላ ዓይነት ፓምፕ ቢገዙ የሚያገኙት 29 ሊትር አካባቢ ነው፤ ከፍ ያለ የመብራት ሂሳብ ከፍለው ትንሹ ፓምፕ በ1 ኢንች የሚሰጠውን ማለት ነው። እኔ ብሆን ቧንቧውን እቀይራለሁ። ደግሞስ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬ ውሃ ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቡት።

ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) እና ቫልቭም እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜትር ቧንቧ እንደጨመሩ ይቆጠራሉ፤ በተለይ አሸዋ የደፈነው ፉት ቫልቭ፣ ማለትም መምጠጫው ጫፍ ላይ ውሃው ውስጥ ያለው። አሸዋ ያለበት ጉድጓድ ላይ ያቺን ትንሿን ፔሪፈራል አይግጠሙ፤ ውስጧ በጣም ጠባብ ስለሆነ አሸዋው ፍቆ ቶሎ ይጨርሳታል።

ሐረር ያላችሁ ደግሞ መምጠጫውን፣ ውሃውን ከጉድጓድ ወደ ፓምፑ የሚያመጣውን ቧንቧ፣ ልብ በሉ። ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 በላይ ናት፣ አየሩም ይሳሳል። በተግባር ድሬ ላይ ከ6 ሜትር፣ ሐረር ላይ ከ5 ሜትር በላይ ከጥልቀት ለመሳብ አይሞክሩ፤ የመምጠጫውንም ቧንቧ ከፓምፑ አፍ አያጥብቡ። ውሃው ከዚያ ከጠለቀ ከላይ የሚቀመጠውን ትተው ጉድጓዱ ውስጥ የሚሰጥመውን ይግዙ፤ ያኔም ከፍታውን የሚቆጥሩት ከመሬት ሳይሆን ከውሃው የላይ ገጽ ነው።