የሦስት ዓመት የክላውድ ቅናሽ ውል ለመፈረም ለምታስቡ የሶፍትዌር ቡድኖች

«የተወሰነ መጠን ለሦስት ዓመት ለመክፈል ግዴታ ከገባችሁ ዋጋው በግማሽ ይቀንስላችኋል» የሚል ሻጭ ቀርቦላችሁ ከሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እኛ የገባንበትን ጣጣ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ቅናሹን ያቀረበልን የክላውዱ (በኢንተርኔት የሚከራየው የሰርቨር አገልግሎት) ባለቤት ሳይሆን አገልግሎቱን ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። በወቅቱ 16 ሰርቨሮች ነበሩን። ግዴታው ለአንድ የሰርቨር ዓይነትና ለአንድ ሪጅን (የክላውዱ ሰርቨሮች ለሚገኙበት አካባቢ) ብቻ እንደሚያገለግል የተገለጸው በውሉ አባሪ ላይ ስለነበር ልብ አላልነውም። በስምንተኛው ወር ባልደረቦቻችን ዳታቤዙን የሚያዘገዩትን ኩዌሪዎች (የመረጃ መጠየቂያ ትእዛዞች) አስተካክለው ሥራው በ6 ሰርቨሮች ብቻ መሄድ ሲጀምር ወጪያችን የሚቀንስ መስሎን ነበር፤ በወሩ መጨረሻ የመጣው ደረሰኝ ግን ባጠፋናቸው 10 ሰርቨሮች ትይዩ የአጠቃቀም ሰዓቱን ዜሮ፣ ክፍያውን ሙሉ አድርጎ አሳየን። በዚህ ዓይነቱ ውል የሚገዛው ሰርቨር ሳይሆን የዋጋ ቅናሽ ነውና፣ ሰርቨሩ ቢጠፋም ዕዳው አይጠፋም።

ከዚህ የባሰው ለመልቀቅ ስንወስን የደረሰብን ነው። የሩት አካውንቱ (በሁሉም ነገር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዋናው አካውንት) የተመዘገበው በሻጩ ኢሜይል ስለነበር አካውንቱን ወደ ራሳችን ማዛወር አልቻልንም፤ ዳታችንን አንድ በአንድ ገልብጠን ለማውጣት ተገደድን። ይህም በነፃ አይሆንም። ለምሳሌ አማዞን በሰሜን ቨርጂኒያ ሪጅኑ ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣ ዳታ፣ በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ካለፈ በኋላ፣ በመደበኛ ዋጋው ለአንድ ጊጋባይት 0.09 ዶላር ያስከፍላል፤ 10 ቴራባይት ለማውጣት 900 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ጎግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት በ2024 እ.ኤ.አ. ጠቅልለው ለሚለቁ ደንበኞች ይህን ክፍያ እንደሚተዉ አስታውቀዋል፤ ነገር ግን ይህ የሚፈጸመው በጥያቄ ነው፣ እኛ ደግሞ በእጃችን አካውንት ስላልነበረ ጥያቄውን በራሳችን ስም ማቅረብ አልቻልንም።

ስለዚህ የሩት አካውንቱ ኢሜይልና የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫው (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቀው) በድርጅታችሁ እጅ እንዲሆን በውሉ ላይ አስጽፉ፤ ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ድርድሩን እዚያው አቁሙ። ግዴታ መግባት ካለባችሁም ያለፉትን ወራት አጠቃቀም ተመልክታችሁ፣ በሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ፈጽሞ የማትወርዱበትን መጠን ብቻ፣ ያውም ለአንድ ዓመት ግቡ። ዋጋው በጥቂቱ ከፍ ቢልም፣ ከሰርቨር ዓይነት ጋር ሳይሆን በሰዓት ከሚወጣ ገንዘብ ጋር የተያያዘውን የግዴታ ዓይነት እመርጣለሁ፤ ቡድኑ ሰርቨር ሲቀይር ቅናሹ አብሮት ይሄዳልና። የበጀት ማስጠንቀቂያ መልእክትም ወጪውን ያሳውቃል እንጂ በራሱ አያስቆመውም፤ ሻጩ እንደ መከላከያ ሲያቀርብላችሁ መልእክቱ ሲደርስ ሰርቨሩን የሚያጠፋው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁት።