በበልግ መግቢያ ከአዳማ በብስክሌት፦ የሶደሬ ቆላ ወይስ የጭላሎ ግርጌ?

በየካቲት ከአዳማ በተራራ ብስክሌት ለመውጣት የሚያስብ ሰው ሁለት አማራጮች አሉት፤ አንደኛው ወደ ሶደሬ የሚያወርደው ደረቅ የስምጥ ሸለቆ ቆላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአሰላ በላይ ያለው የጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው።

ሶደሬ ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ፈተናው ሙቀቱና የግራር እሾህ ነው። እሾሁ በአቧራ ውስጥ ተደብቆ ተራውን ጎማ በቀላሉ ስለሚበሳ፣ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት ጎማ እጅግ ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ጎማ ንፋሱ ትንሽ ሲቀነስለት በአሸዋው ላይ ሰፍቶ ስለሚያርፍ ቶሎ አይሰምጥም። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ግን ንፋሱ ከቀነሰ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪው በቸርኬው ጠርዝና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል።

አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ብስክሌቱን በመኪና መጫን ይሻላል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ዳገቱ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለቱም ጥሩ ፍሬን ይጠይቃል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ዋልካው ጎማና ካቴና ላይ ስለሚጣበቅ መንዳት አይቻልም፤ በጭቃው ላይ የሚቀረው የጎማ ቦይም የገበሬውን መንገድ ለጎርፍ ያጋልጣል፤ ይህን ማንም ሊዘነጋው አይገባም።

እኔ ዝናቡ ሳይጀምር ጭላሎን እመርጣለሁ። ከጀመረ ግን ቀላል ካፊያ የቆላውን አሸዋ ስለሚያጠብቀው፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ ሶደሬ መውረድ ይሻላል።