9 ወር ጣና ላይ ከአውቶፓይለት ጋር

ጀልባዬ 6 ሜትር ተኩል የምትሆን የፋይበር ሸራ ጀልባ ናት፣ ስቲሪንግ የላትም፣ መሪዋ ከኋላ ሆኖ በእንጨት ዱላ ነው የሚያዘው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዱላውን ለአንድ ደቂቃ ከለቀቃችሁት ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞርና ሸራው መርገብገብ ይጀምራል። እኔ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ከባህር ዳር ዘጌ ምንም አይልም፣ ራቅ ወዳሉት ደቅ ወይ ጎርጎራ ልሂድ ካልኩ ግን ቀኑን ሙሉ ዱላ ይዞ መቀመጥ ነው፣ የውሃ ላስቲክ የምከፍተው ዱላውን በጉልበቴ ደግፌ ነበር። መጀመሪያ የሳይክል የውስጥ ጎማ ቆርጬ ዱላውን ከግራና ከቀኝ ወጥሬ አሰርኩት (ባህር ዳር የሳይክል ጎማ አይጠፋም መቼም)፣ ነፋሱ እኩል ሲሆን እውነትም ይሰራል፣ ግን ነፋሱ እኩል የሚሆነው ለስንት ደቂቃ ነው?

ስለዚህ ዱላውን በራሱ ይዞ ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚነዳ አውቶፓይለት ለመግዛት ወሰንኩ፣ ስመርጥ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። በነፋስ የሚሰራ መካኒካል አለ፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ከባድ ጀልባ ነው፣ የኔ ላይ ቢሰቀል በቂጧ ትቀመጣለች። ፓይፓይለት የሚባል ነጻ ሶፍትዌርም አለ፣ ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ ከመኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ጋር ቀጣጥዬ ልስራው ብዬ ሁለት ሳምንት አሰብኩና ራሴን ስለማውቀው ተውኩት። የቀረው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ነው፣ የሳይክል ፓምፕ የሚመስል፣ ዘንጉ ገባ ወጣ እያለ ዱላውን የሚገፋና የሚስብ፣ ኮምፓሱ ሆዱ ውስጥ ያለ። ሬይማሪን የሚባለው አምራች ለምሳሌ ኤስቲ 1000 ፕላስን እስከ 3 ቶን፣ ኤስቲ 2000 ፕላስን እስከ 4.5 ቶን ይለዋል፣ ሲምራድም የራሱ አለው። ሰው ክብደቱን ብቻ አይቶ ይገዛል፣ የኔ አንድ ቶን እንኳን አትሞላም፣ ቀላል ጀልባ ግን ቶሎ ነው የምትዞረው ስለዚ ከጉልበቱ ይልቅ የዘንጉን ፍጥነት እዩ። እኔ የትኛውን እንደገዛሁ አልናገርም፣ ያገለገለ ስለሆነ ጥፋቱ የፋብሪካው ይሁን የድሮው ባለቤት አላውቅም። ዋጋውንም አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነባለች።

ዋናው ነገር አገጣጠሙ ነው። መሪው ከሚዞርበት መሃል 46 ሴንቲ ለክታችሁ ዱላው ላይ ፒን ትተክላላችሁ፣ ከፒኑ ወደ ጎን 59 ሴንቲ ገደማ ላይ ደሞ የማሽኑ ሌላኛው ጫፍ የሚሰካበት ቀዳዳ ይበሳል፣ ዱላው መሃል ላይ ሲሆን ዘንጉና ዱላው 90 ዲግሪ መስራት አለባቸው፣ ማሽኑም ወደላይ ወይ ወደታች ሳያዘም አግድም መተኛት አለበት። የኔ ዱላ ከመቀመጫው 11 ሴንቲ ከፍ ስለሚል ማሽኑን ከስር ከፍ የሚያደርግ ነገር አስፈለገ። ብየዳ ቤት ሄጄ ከወፍራም ላሜራ አሰራሁ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቀለም ሁሉ ቀብቶ ሰጠኝ።

ጥቅምት ላይ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጠዋት ወጣሁና አውቶ የሚለውን ተጫንኩ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ከዛ 10 ዲግሪ ወደ ቀኝ ብዬ ስነካው 20 ምናምን ዞረች፣ መልሼ ወደ ግራ 10 ስለው ንቅንቅም አላለች። ሁለት ሳምንት ማሽኑን ስረግም ከረምኩ፣ ጌይኑን (ማሽኑ አቅጣጫ ሲያርም ምን ያህል እንደሚበረታ የሚወስነውን) ስቀንስ ስጨምር። አንድ ቀን የልጄን የትምህርት ቤት ኮምፓስ ላሜራው አጠገብ ሳስቀምጠው መርፌው ሰሜንን ትቶ ወደ ላሜራው ዞረ። ለካ ኮምፓሱን ብረት ላይ አስተኝቼው ነው! ብረቱን አውጥቼ በዋንዛ ግንድ ቀየርኩት፣ ብሎኖቹን በነሐስ፣ አጠገቡ የነበረውን ስፒከርም አንድ ሜትር አራቅኩት፣ አለቀ። የብየዳው ልጅ ምንም አላጠፋም፣ ኮምፓስ እንዳለው አልነገርኩትማ።

በነገራችን ላይ በዚህ በኩል አገራችን ታግዛለች። አውሮፓ ያሉ ሰዎች ጀልባው ጎኑን ሲጥል ኮምፓሱ ይሳሳትብናል ይላሉ፣ ምክንያቱም እዛ የመሬት ማግኔት ወደታች በጣም ያዘነብላል፣ ማግኔቱ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ ማግኔቲክ ኢኳተር የሚሉት፣ ግን በኛው አገር በአዲስ አበባ አካባቢ ስለሚያልፍ ጣና ላይ አግድም ነው ማለት ይቻላል፣ ጀልባዋ ብታዘምም ኮምፓሱ ብዙም አይወዛገብም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ሽቦ ነው። ቤት ውስጥ የተረፈ ባለ 1.5 ሽቦ ነበር፣ በሱ ዘረጋሁ፣ ነፋስ ሲበረታና ዘንጉ ጉልበት ሲፈልግ ቮልቱ ይወርድና ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል፣ ጠፍቶ ሲነሳ ደሞ ስታንድባይ ላይ ነው፣ ማለትም መሪውን አይዝም፣ ጀልባዋ በራሷ ፈቃድ ትሄዳለች። ወፍራም በሆነው ባለ 2.5 ቀይሬ መስመሩንም ሳሳጥረው ቀረ። ባለ 50 ዋት ሶላር አለኝ፣ ለኛ ጸሐይ ይበቃል።

አሁን በጆሮዬ ነው የምከታተለው። ሸራው ሲመጣጠን በየአምስት ስድስት ሰከንዱ ዝዝ ብሎ ዝም ይላል፣ ሳያቋርጥ ዝዝዝዝ ካለ ሸራው በዝቶባታል ማለት ነው፣ ያኔ ሸራ አንድ እጥፍ አሳንሳለሁ እንጂ ማሽኑን አልነካም። ዱላውን በእጄ እይዝ የነበረ ጊዜ ክንዴ ነበር ችሎት የኖረው፣ አላውቅም ነበር።

የማይችለውም አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲነፍስ እኔም በዛው አቅጣጫ ነው የምመለሰው፣ ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፣ ከኋላ ቂጧን ብድግ ሲያደርጋት ማሽኑ የሚነቃው ከዞረች በኋላ ነው፣ እንደ ሰካራም እየተወላገድን እንመጣለን። ከክብራን ገብርኤል ደሴት ወደ ከተማው ሲሆን ዱላውን ራሴ ነኝ የምይዘው።

ደሞ አያይም። ጥር ላይ ዘጌ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ዳቦ በሻይ ስበላ አንድ ታንኳ ላይ ያሉ አባት ጮኹብኝ፣ ቀና ስል 20 ሜትር አይሞላም። ዘንጉን ከፒኑ ነቅዬ ዱላውን ወደራሴ ሳብኩት። ሰውየው ቁጣቸውን ትተው ዱላውን ነው የሚያዩት።

«ልጄ፣ ማነው ቅድም የያዘልህ?»

«ማሽን ነው አባቴ።»

«ዓይን አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ መረቤን በምን ያየዋል?» ብለው ቀዘፋቸውን ቀጠሉ። መረቡን የያዙት ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ጠርሙሶች እዛው ነበሩ፣ ከኔ ፊት፣ ተደርድረው። ከዛ ወዲህ የስልኬን አላርም በየ5 ደቂቃው አድርጌዋለሁ። ወገቤንም በገመድ አስሬ ነው የምቀመጠው፣ ብወድቅ እኮ ማሽኑ ሳያይ ጎርጎራ ይገባል።

ባገኘው ዋጋ እንደገና እገዛዋለሁ? አዎ፣ ግን አዲስ። ግንቦት መጨረሻ የዘነበው ዝናብ ውስጡ ገብቶ ቁልፎቹ መጣበቅ ጀመሩ፣ ፈትቼ ባደርቀውም ጎማው ላልቷል፣ በፌስታል ጠቅልዬ ነበር የምጠቀመው። ሰኔ ሲገባ አውልቄ ቤት አስገባሁት፣ ኮመዲኖው ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ ስሙን ረዳቱ ብላዋለች፣ ትናንት ደሞ ክረምቱን ሙሉ ከተኛ ደሞዙ ይቆረጣል ወይ አለችኝ።