መግደል ወይስ መከተብ? የወፍ ጉንፋን በታይላንድና በቬትናም

ሁለቱም አገሮች የወፍ ጉንፋን በሚያመጣው ኤች5ኤን1 ቫይረስ ክፉኛ የተመቱት እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ ነው። የመረጡት መንገድ ግን ለየቅል ሆነ።

ታይላንድ ክትባትን ከለከለች። የዶሮ ሥጋ ወደ ጃፓንና አውሮፓ የምትልክ አገር ናት፤ ገዢዎች ደግሞ የተከተበ ዶሮ ይጠረጥራሉ። ጥርጣሬው መሠረት አለው። የተከተበች ዶሮ ቫይረሱ ቢይዛት ምልክት ሳታሳይ ልታስተላልፈው ትችላለች። ስለዚህ በሽታው በታየበት አካባቢ ያለው ዶሮና ሌላ የቤት ወፍ ሁሉ በጅምላ ተገደለ፤ ከ60 ሚሊዮን በላይ። በዓመቱ መጨረሻ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመ ዶሮ ፈለጉ። በሩዝ ማሳዎች ላይ ተለቀው በሚሰማሩ ዳክዬዎች ላይም ገደብ ተጣለ። ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይሄኛው ነው። ዳክዬ እኮ ደህና መስሎ ቫይረሱን ይዞ ይዞራል!

ቬትናምም መጀመሪያ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የቤት ወፎች ገድላለች። ግን ዶሮው በየጓሮው ነው፤ ስንቱን ገድለው ይዘልቁታል? በ2005 ወደ ጅምላ ክትባት ገባች። በዚያ ዓመት 61 ሰዎች ታመው ነበር፤ በ2006 አንድም አልተመዘገበም። ምስጋናው ግን ለክትባቱ ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ ከተሞች የቁም ዶሮ ሽያጭም ተገድቦ ነበር።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ቫይረሱ ከቬትናም አልወጣም፣ መልኩንም ይቀያይራል፤ ክትባቱም አብሮ መቀየር አለበት። ወጪው አያልቅም። ታይላንድ በበኩሏ የመጨረሻውን ታማሚ ሰው ያየችው በ2006 ነው።