ፒያሳ አካባቢ የዳማከሴ ኤክስትራክት ያስመረመርኩበት ላብ፣ ከ5 3

የማስተርስ ጥናቴ ዳማከሴ ባክቴሪያ ላይ ይሰራል ወይ ሚል ነው፣ እና የኛ ግቢ ኢንኩቤተር (የባክቴሪያ ማሳደጊያው) ከተበላሸ ስለቆየ ፒያሳ አካባቢ በክፍያ ሚሰራ አንድ ላብ ሄድኩ፣ ስሙን ልተወው። ቅጠሉን 4 ኪሎ ናሽናል ሄርባሪየም አስለይቼ ቫውቸር ቁጥር (የተለየው ናሙና መመዝገቢያ) ይዤ ነበር፣ እነሱ ግን አልጠየቁኝም።

ጥሩውን ላስቀድም። ባክቴሪያውን 0.5 ማክፋርላንድ ሚባለው የድፍርስነት ልክ ላይ ሲያመጡት አሳዩኝ (በ1 ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ባክቴሪያ አካባቢ መሆኑ ነው)፣ ልጆቹ ጥያቄ አይሰለቹም፣ መብራት ሲሄድም ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳ።

በማግስቱ ውጤት መጣ፣ ስታፍ (ስታፊሎኮከስ ሚባለው ባክቴሪያ) ላይ ዞኑ፣ ማለትም ኤክስትራክቱ በገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ፣ 19 ሚሊ ሜትር! ዘለልኩ ስላችሁ። እናቴ ምች በመታን ቁጥር ዳማከሴ እያሸች ነው ያሳደገችን፣ ደውዬ "ያንቺ ዳማከሴ ሰራ" ስላት "ድሮስ!" ብላ ዘጋችብኝ። አድቫይዘሬ ግን ፎቶውን ገና እንዳየ "ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ የታለ?" አለኝ። ለማወዳደሪያ የገባው ሲፕሮ (አንቲባዮቲኩ) አለ፣ ማሟሟሻው ዲኤምኤስኦ ብቻውን የገባበት ጉድጓድ ግን የለም፣ ኤክስትራክቱን ያሟሟሁት ደግሞ በንጹህ ዲኤምኤስኦ ነው እና እሱ ራሱ ባክቴሪያ ሊያቆም ይችላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። ግን አጋሩም (ባክቴሪያው ሚያድግበት ጄል) ቀጭን ነበር፣ 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ሲሳሳ ዞኑ ያለልክ ይሰፋል፣ ይሄ ደግሞ የነሱ ነው።

ድገሙልኝ ስል እንደ አዲስ ክፈል አሉኝ፣ ግማሽ ሰአት ተጨቃጭቀን በግማሽ ዋጋ ሰሩት። አሁን በ10 ፐርሰንት ዲኤምኤስኦ፣ ከነኮንትሮሉ፣ ሶስት ሶስት ጊዜ። ስታፍ 12 ሚሊ ሜትር (6ቱ ጉድጓዱ ራሱ ነው እንግዲህ)፣ ኢ ኮላይ ሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ላይ ምንም። ኢ ኮላይ እንኳን አልገረመኝም፣ እንደሱ ያሉት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋናቸው ብዙ ነገር አያሳልፍም።

ኤምአይሲ (ባክቴሪያውን ሚያቆመው ትንሹ መጠን) ግን አይሰሩም፣ ዞን ብቻ ነው። በዞን ብቻ ይሄ ከዛ ይበልጣል ማለት ደግሞ ከባድ ነው፣ አጋር ውስጥ በደንብ ማይሰራጭ ኤክስትራክት ጎበዝ ሆኖም ትንሽ ዞን ያሳያል። ለቴሲስ ከሆነ ኤምአይሲን ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ሚሰራ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ምትሄዱ ከሆነ ከ4 ሰአት በፊት ድረሱ፣ ካረፈዳችሁ ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ እዛ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ የሆነ ሰው ምሳ እቃ አይቻለሁ።