ለአሮጌ የጀልባ ሞተር የትኛው ብሎን? ኦርጂናል፣ ያገለገለ፣ የሱቅ ወይስ የቶርኖ

ፒስተኑም ካርቡራተሩም ደህና ሆኖ፣ ከጣት ያነሰች አንዲት ብሎን ተበጥሳ ጀልባው ከዘጌ ዳርቻ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን አለ። ባሕር ዳር ውስጥ ብሎን ሞልቷል። የሚከብደው ከሞላው ውስጥ ለሞተራችሁ የሚሆነውን መለየት ነው።

ስትገዙ መጀመሪያ ጥርሱን እዩ፤ ቀጥሎ ጥንካሬውን፤ የብረቱን ዓይነት መጨረሻ ላይ። ብዙ ሰው የሚያብለጨልጭ ስቴንለስ አይቶ ይገዛል። ከዚያ ጥርሱ እንቢ ሲለው በቁልፍ ያስገድደዋል።

ኢንች ነው ወይስ ሚሊ?

ጆንሰንና ኤቪንሩድ የሚባሉት የጀልባ ሞተሮች የአሜሪካ ናቸው። የአሮጌዎቹ ብሎን በኢንች ነው። ያማሃና ሱዙኪ የጃፓን ስለሆኑ በሚሊ ይሠራሉ። ሁለቱ ለዓይን በጣም ይመሳሰላሉ፤ አደጋውም ከዚህ ይመጣል። 5/16 ኢንች የሚባለው ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ነው። ኤም 8 ደግሞ 8 ሚሊ። በእጅ ብትይዟቸው አትለዩአቸውም። የጥርሳቸው ርቀት ግን አንድ አይደለም። የተለመደው 5/16 በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ጥርስ አለው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.41 ሚሊ ይሆናል። የተለመደው ኤም 8 ግን 1.25 ሚሊ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ቀዳዳ ስትሞክሩት ጥቂት ዙር ይገባና ይጠብቃል። ዝገት መስሏችሁ ከገፋችሁት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። ብሎኑ ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው የሞተሩ አካል ነው።

በ1/4 ኢንችና በኤም 6 መካከል ያለው ችግር ደግሞ ተቃራኒ ነው። 1/4 ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። ኤም 6 እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ልል ብሎ ይገባል፤ የያዘ ይመስላል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ግን ይወልቃል።

ያማሃ ያላችሁም ሚሊ ስለሆነ ብቻ አትዘናጉ። ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ኤም 10 የጥርስ ርቀቱ 1.5 ነው። የጃፓን ሞተሮች ግን ብዙ ጊዜ 1.25 የሆነውን ኤም 10 ይጠቀማሉ። በቁልፍ የሚያዘው የብሎኑ ራስ መጠንም ይለያል። በጃፓን ሞተር ላይ ኤም 8 ብዙ ጊዜ በ12 ቁልፍ ይፈታል፤ ኤም 10 በ14። በአገራችን ሱቅ የሚሸጠው ኤም 8 ግን ብዙውን ጊዜ 13 ቁልፍ፣ ኤም 10 ደግሞ 17 ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ ሱቁን «የ14 ቁልፍ ብሎን ስጠኝ» ብላችሁ አትጠይቁት። አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ።

መለኪያ መሣሪያ ባይኖራችሁም ቀላል ዘዴ አለ። አሮጌውንና አዲሱን ብሎን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሙና ወደ ብርሃን አንሡት። በመካከላቸው ብርሃን ካሾለከ አይሆንም። ጥርሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተቃቀፈ ወደ ሞተሩ ውሰዱና በጣት ብቻ አስገቡት። የጸዳ ቀዳዳ ውስጥ ትክክለኛው ብሎን ያለ ቁልፍ መግባት አለበት።

ከየት ይገዛ?

ኦርጂናሉ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ መጠበቅ አለ። በሁሉም ቦታ አያስፈልግም። የቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ብሎን፣ የፕሮፔለር ፒንና አንገቱ ለብቻው ተስተካክሎ የተሠራ ብሎን ከሆነ ግን እኔ ኦርጂናሉን ብትጠብቁ እመርጣለሁ። ለያማሃ በክፍል ቁጥሩ ማዘዝ ይቻላል። የጆንሰንና የኤቪንሩድ ነገር ይከብዳል። የሁለቱ ባለቤት የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከስሯል። ኤቪንሩድን የወረሰው ኩባንያም በ2020 ማምረቱን አቁሟል። ደስ የሚለው ነገር፣ አብዛኛው ብሎናቸው መደበኛ የኢንች ብሎን ነው። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ መኪናና የእርሻ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ዘንድ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ያገለገለ ብሎን ብዙዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። ከተመሳሳይ ሞዴል የሞተ ሞተር የወጣ ከሆነ ጥርሱም ርዝመቱም ጥንካሬውም ልክ ነው። ከአዲስ የሱቅ ብሎን የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። የምትመረምሩት አንገቱን ነው። ከአንገቱ የቀጠነ፣ ጥርሱ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳበ ከሆነ ተስቧል ማለት ነውና ተዉት። መርካቶ የሚወርድ ሰው ካላችሁ አሮጌውን ብሎን በእጁ ስጡት። በስልክ አትግለጹለት።

የሱቁ ተራ ብሎን ዋጋው ቀላል ነው፤ ለመክደኛ፣ ለመያዣ፣ ከውኃ በላይ ላለ ነገር ይበቃል። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ከሌለው ግን ጭነት ያለበት ቦታ አታስገቡት። የኢንች ከሆነ ቁጥር አይጻፍበትም፤ መስመር ይቆጠራል። ሦስት መስመር ግሬድ 5 ነው፣ ስድስት መስመር ግሬድ 8።

ቶርኖ ቤት ብሎን ስታሠሩ ከምን ብረት እንደሚያወጡት ጠይቁ። ከፌሮ ቁራጭ የወጣ ብሎን ለቴስታታ አይሆንም። እኔ ቶርኖን የምፈልገው ለሌላ ሥራ ነው፤ ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ አስፍቶ አዲስ ጥርስ የሚሆን የብረት ሽቦ ጥቅል ወይም ቡሽ (የብረት ቀለበት) ለማስገባት። እዚያ ላይ ገንዘባችሁን አትቆጥቡ። ጎበዝ ባለሙያ አሮጌ የሞተር አካል ከመጣል ያድናል።

ስቴንለስ ወይስ 8.8?

ስለ ጀልባ ሞተር የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ነው። ጨው ላለበት ውኃ የተነገረ ነው። ጣና ግን ጣፋጭ ውኃ ነው። ስለዚህ ኤ4 የሚባለውን ውዱን ስቴንለስ ፍለጋ አትንከራተቱ። ለጣና ኤ2 በቂ ነው። ልዩነቱ ብሎኑ ራስ ላይ ተጽፏል።

ስቴንለስ አይዝግም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው እንደሚያስበው ከሁሉም የጠነከረ አይደለም። 8.8 ብሎን ሳይለጠጥ እስከ 640 ሜጋፓስካል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይችላል። ኤ2-70 የተጻፈበት ስቴንለስ 450 ላይ መለጠጥ ይጀምራል። የቴስታታ ብሎን በስቴንለስ መቀየር ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀትና ግፊት ባለበት ቦታ ይለጠጥና ጋስኬቱ መንፋት ይጀምራል።

ሌላም አለ። ስቴንለስና አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገናኛቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በጣና ውኃ ይህ እንደ ባሕር ፈጣን አይደለም፤ ግን ለዓመታት ሳይፈታ የቆየ ብሎን ነጭ ዱቄት ሠርቶ ይጣበቃል። መፍትሔው ከመግጠም በፊት ጥርሱን ግሪስ መቀባት ነው። የስቴንለስ ብሎን ከስቴንለስ ዳዶ ጋር ስትገጥሙማ ግሪስ ግዴታ ነው። ደረቁን በፍጥነት ካጠበቃችሁት ሁለቱ ተነካክሰው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ የሚፈታው መጋዝ ብቻ ነው። ግሪስ የተቀባ ብሎን በቀላሉ ስለሚጠብቅ ደግሞ እጃችሁን ቀለል አድርጉ። ኤም 6 ወደ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ያውም ብረት ውስጥ ሲገባ። አሉሚኒየም ውስጥ ከዚያም ያንሳል።

በአጭሩ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከውኃ ጋር ለሚገናኝና ቶሎ ቶሎ ለሚፈታ ነገር ኤ2 ስቴንለስ ከነግሪሱ። ለሞተሩ ውስጥ ኦርጂናል ወይም ደህና ያገለገለ። ለቀረው 8.8።

የፕሮፔለሩ ፒን ለብቻው ነው

ብዙ አሮጌ ትንንሽ ሞተሮች ፕሮፔለሩን የሚይዘው ፒን እንዲሰበር ታስቦ የተሠራ ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ፒኑ ተቆርጦ የውስጡን ማርሽ ያድናል። እዚህ ቦታ ጠንካራ መግዛት ጉዳት ነው። የተቆረጠ ብሎን ወይም የመሰርሰሪያ ቁራጭ ያስገባ ሰው ፒን አልሰበረም፤ ማርሹን ነው የሚሰብረው። ጣና ላይ የዓሣ መረብ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጥቷል። ስለዚህ ፒኑ ሥራ አያጣም። በአንዳንዱ ሞተር ናስ፣ በአንዳንዱ ብረት ነው፤ የእናንተ ከምን እንደተሠራ አሮጌውን አይታችሁ ያንኑ ግዙ። አንድ ብቻ አትግዙ። ሁለት ሦስት አድርጉና ከፒንሳ ጋር ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ።

የታችኛውን ካምቢዮ ዘይት ለመቀየር የምትፈቱ ከሆነ የማፍሰሻውን ብሎን ሮንዴላ በየጊዜው አዲስ አድርጉ። አሮጌው ውኃ ያስገባና ዘይቱ ወተት ይመስላል። ጆንሰን ወይም ኤቪንሩድ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በአንዳንዶቹ ላይ ከማፍሰሻው አጠገብ በኮከብ ካቻቢቴ የሚፈታ ሌላ ብሎን አለ። እሱ የማርሽ መቀየሪያውን የያዘ ነው። ከወጣ ካምቢዮው መፈታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አትንኩት።